«ጥሪዬን አላወቅሁም» ለምትሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቁጭ ብለን ስንጫወት ደጋግማችሁ የምታነሱት ነገር አለ። «ሲስተር፣ እኔ ጥሪዬን ገና አላወቅሁም። ጌታ እስኪያዘጋጀኝ እየጠበቅሁ ነው» ትሉኛላችሁ። ከልባችሁ እንደምትናገሩ አውቃለሁ። ግን ብዙዎቻችሁ አገልግሎት ሲባል ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው መድረክና ማይክ ነው። ያ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ሁሉ ባዶ ይመስላችኋል። እኔ እዚህ ሐዋሳ ዕድሜዬን በነርስነት ስሠራ ያየሁት ሌላ ነው።

እስኪ ሙሴን አስቡት። በምድያም የአማቱን በጎች ሲጠብቅ ነው የተጠራው። ሰበብ ደረደረ። እኔ ማን ነኝ አለ፤ አያምኑኝም አለ። እግዚአብሔር «ይህች በእጅህ ያለችው ምንድር ናት?» ብሎ ጠየቀው። በትር ናት፤ በየቀኑ በግ የሚነዳባት ያቺው በትር። ፈርዖን ፊት የቆመውም እሷኑ ይዞ ነው። አንደበቴ ኰልታፋ ነው ሲል ደግሞ፣ ሌላ ሰው ላክ ብሎ ቢያስቆጣው እንኳ፣ እግዚአብሔር አልተወውም። አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ወንድሙን አሮንን ሰጠው። የጎደለውን በሰው ሞላለት። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኔ በምሠራበት ክፍል አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ብዙ አልተማሩም። መድረክ ላይ ያወጣቸውም የለም። ከገጠር ከሚመጡት ታካሚዎቻችን ግን ብዙዎቹ ከሲዳምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይችሉም ነበር። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ታካሚው ዝም ይላል። ያኔ «እስኪ እሳቸውን ጥሩልን» ይባላል። መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ይመጣሉ። ቆመው አያናግሩም። አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብለው መጀመሪያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እንሰቱ ይጠይቃሉ። ሕመሙ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ታካሚው ሲወጣ ደግሞ የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይ ይስሉለታል። አንዷ ከተራራ ስትወጣ፣ አንዷ ስትገባ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ማለታቸው ነው። እኛ የጻፍነውን ማንበብ የማይችለው ሰው ያቺን ፀሐይ ያነብባል።

እኚህ እናት የተጠቀሙበት ከእናታቸው የሰሙትን ቋንቋ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበረው ዕውቀት ሁሉ በዚያች ሰዓት የሚፈለገው እሱ ነበር።

ስለዚህ ባሰብኩ ቁጥር ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ትዝ ይሉኛል። ኦነሲሞስ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ በባርነት የተሸጠ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ከስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረ፤ ስዊድን አገር ድረስም ሄዶ ሠለጠነ። የልቡ ምኞት ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ወንጌል መናገር ነበር። ተነሣ፣ መንገዱ ተዘጋበት። እንደገና ሞከረ፣ አሁንም ተመለሰ። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም የያዘው እንዲህ መንገድ ተዘግቶበት ነው።

እዚያም አንድ ነገር ጎደለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከወገኖቹ ተለይቶ ስለኖረ የቋንቋው ጓዳ ሳስቶበት ነበር። ታዲያ ማን ደረሰለት? አስቴር ናት። እሷም ለባርነት የተሸጠች ልጅ ነበረች። ጣልያኖች ቀይ ባሕር ላይ ካስጣሏቸው ባሮች ጋር እ.ኤ.አ. በ1886 እምኩሉ ደረሰች። ኦሮምኛዋ ትኩስ ነበር። ከትዝታዋ ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ሰበሰበች። ለትርጉሙም የሚያስፈልገውን ቃል ለቅማ አቀረበች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ኦነሲሞስ ነቀምት የገባው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ባዶ እጁን አልገባም፤ በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፈ ቃል ይዞ ገባ። በመጀመሪያው ሙከራ ተሳክቶለት ቢሆን ይህን ይዞ መግባት አይችልም ነበር።

አያችሁ፣ ለብቻችሁ ሙሉ እስክትሆኑ ከጠበቃችሁ ዕድሜ ልክ ትጠብቃላችሁ። ሙሴን አሮን ሞላው፤ ኦነሲሞስን አስቴር። ምናልባት እናንተም ለሌላ ሰው የጎደለውን ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ይሆናል።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ማሽን ላይ የምትውሉ ልጆች፣ «የኛ ሥራ ከጌታ ሥራ ጋር ምን አገናኘው?» ስትሉኝ በጣም ነው የሚሰማኝ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31ን አንብቡ። እግዚአብሔር ስለ ባስልኤል «የእግዚአብሔርን መንፈስ ሞላሁበት» ይላል። ባስልኤል ነቢይ አልነበረም፤ ወርቅና ብር የሚያነጥር፣ ዕንቁ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ የእጅ ባለሙያ ነው። ወረድ ብላችሁ ምዕራፍ 35 ላይ ደግሞ ለሌሎች የሚያስተምርበት ልብ እንደተሰጠው ታገኛላችሁ። እንግዲህ ቀጥ ያለ ስፌት መስፋት፣ አዲስ የገባችዋን ልጅ ሳይቆጡ ማሳየት፣ ይህ ሁሉ እግዚአብሔር የሚያየው ሥራ ነው።

አንድ የምፈራላችሁ ነገር አለ። ትሕትና እየመሰላችሁ ራሳችሁን ትንቃላችሁ። «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለት ሲበዛ መሸሸጊያ ይሆናል። የጽዳት ሠራተኛዋ እናት ሲጠሩ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው አያውቁም። የማያውቁትን የመድኃኒት ነገር ግን ሐኪሙን መልሰው መላልሰው ይጠይቁ ነበር። ለኔ ትሑት ሰው እንዲህ ያለው ነው። ትምህርታችሁንም በጥሪ ስም አታቋርጡ። መርፌ መውጋት ያልተማረች ነርስ ጸሎቷ ብቻ በሽተኛዋን አያድንም።

በከተማችን ሆስፒታሎች አስታማሚ የሌለው፣ ቋንቋው የማይሰማለት ታካሚ ዛሬም አይጠፋም። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም የምልክት ቋንቋ የምትችሉ ልጆች ከመካከላችሁ ብዙ ናችሁ። በዚህ ሳምንት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱና የነርሶቹን ኃላፊ ሜትሮኗን «በምን እናግዝ?» በሏት። ጠዋት ሥራ ስለሚበዛባት ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።