«የዓለም እምብርት» ወይስ «የዓለም ማዕከል»?

ጥያቄ፦ ደሴ የታሪክ መምህር ነኝ። የጥንት ሕዝቦች ሰማይን፣ ምድርንና የሙታንን ዓለም ያገናኛል ብለው የሚያምኑበት ቅዱስ ስፍራ ምን እንደሚባል ፈተና ላይ ጠየቅሁ። አንድ ተማሪ «የዓለም እምብርት» ሲል መለሰ። «ማዕከል» ብዬ አረምኩት፤ አልተዋጠለትም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ተማሪው። ነጥቡን ይመልሱለት።

የጥንት ግሪኮች ዴልፊ በተባለው የቤተ መቅደስ ስፍራቸው የነበረውን ቅዱስ ድንጋይ «ኦምፋሎስ» ይሉት ነበር፤ እምብርት ማለት ነው። የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ከምሥራቅና ከምዕራብ ዳርቻ የለቀቃቸው ሁለት ንስሮች የተገናኙት እዚያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቃሉ በእኛም አፍ ያው ነው። ፒያሳን «የደሴ እምብርት» እንላለን። የተወለድንበትን ደግሞ «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን። እምብርት ሲባል መሃልም መወለድም አብረው ይሰማሉ።

ማዕከል ግን ዛሬ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። የሥልጠና ማዕከል፣ የገበያ ማዕከል… ኮምቦልቻስ «የኢንዱስትሪ ማዕከል» አይደለች? እርግጥ በግዕዙ ክብሩ ሌላ ነው። መዝሙር 73፥12 «ወገብረ መድኃኒተ በማዕከለ ምድር» (በምድር መካከል መድኃኒትን አደረገ) ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ለጎልጎታ ትጠቅሰዋለች። የአዳም መቃብር ከመስቀሉ ሥር ነው የሚል ትውፊትም አለ። ስለዚህ እርማትዎ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የዛሬው አማርኛ ነው ቃሉን ያቀለለው።

ይሁንና ለሁሉም «እምብርት» አይሆንም። በዛሬዋ ኢራቅ የኖሩት ሱሜራውያን ቅድስት ከተማቸውን ኒፑርን «ዱር-አን-ኪ»፣ የሰማይና የምድር ማሰሪያ፣ ይሏት ነበር። የጥንት ሰሜን አውሮፓውያን ደግሞ ይግድራሲል የሚባል ግዙፍ ዛፍ ነበራቸው፤ ቅርንጫፎቹ ሰማይ ላይ ተዘርግተው፣ ከሦስት ሥሮቹ አንዱ ሙታን ዘንድ ይደርሳል። እንዲህ ከታች እስከ ላይ ለቆመ ነገር እኔ «የዓለም ምሰሶ» እላለሁ። የጎጆ ቤት ምሰሶን ያስቡ። እግሩ አፈር ውስጥ ተቀብሯል፣ ወገቡ ቤተሰቡ መሃል ነው፣ ጣሪያው በሙሉ አናቱ ላይ ተደግፏል። ሦስቱንም ደረጃ አንድ እንጨት ይዞታል።

«የሙታን ዓለም» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። ብዙዎች «ሲኦል» ብለው ይገላገላሉ። በእኛ ጆሮ ሲኦል የኃጥአን ቅጣት ነው፤ የሱሜራውያኑ የታችኛው ዓለም ግን ደጉም ክፉውም የሚወርድበት ነበር። «ከርሠ ምድር»ንም አይሞክሩት። ተማሪዎችዎ የጉድጓድ ውሃ ነው የሚመስላቸው።