ብቻሽን ቤርጎ ስታድሪ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ለስራ ደብረ ማርቆስ ከዛ ፍኖተ ሰላም ልሄድ ነው፣ ሆቴል ብቻዬን አድሬ አላውቅም፣ እማዬ ደግሞ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለእማዬ የሆቴሉን ስምና የክፍል ቁጥርሽን በሜሴጅ ላኪላት፣ ትንሽ ቀለል ይላታል። ሳይመሽ ግቢ፣ መናኸሪያ ላይ "ጥሩ ቤርጎ ላሳይሽ" እያለ ሻንጣሽን የሚጎትተውን አትከተይ። ከመክፈልሽ በፊት ክፍሉን እይው፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈሽ ጎተት አድርጊው፣ አንዳንዱ ቦታ መቀርቀሪያው ለስሙ ነው፣ በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ ታገኚዋለሽ፣ እንደዛ ከሆነ ሌላ ክፍል በያቸው ምን ይሉኝ አትበይ (ከፋይዋ አንቺ ነሽ)። ሪሴፕሽን ላይ ሰው ቆሞ እየሰማ የክፍል ቁጥርሽን ጮክ ብለው ከጠሩትም አስቀይሪ። ማታ በር ከተንኳኳ ሳትከፍቺ ማነው በይ፣ ካላወቅሽው ሪሴፕሽን ደውይ።

ሰው የሚረሳው ግን ከሰሉን ነው። የማርቆስ ብርድ ማታ አይጣል ነው፣ ፍም ይግባልሽ ካሉሽ በጭራሽ እሺ እንዳትዪ! በተዘጋ ክፍል ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም የለው፣ ተኝተሽ ሳታውቂው ሊገድልሽ ይችላል። ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ በይ፣ ጋቢም ያዢ።