ሸርጣን ለደም ማነስ ይሆናል ወይ ላልሽው እህቴ

ወንድምሽ ከጅዳ የታሸገ ሸርጣን ልኮልሽ «ለደም ማነስ ፍቱን ነው፣ ከሥጋም ይበልጣል» ማለቱን አነበብኩ። አብሽሪ፣ የማውቀውን ልንገርሽ። እኔም የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ጅዳ የባህር ምግብ የሚሠራበት ኩሽና ውስጥ ዓመታት ቆይቻለሁ።

ደም ማነስሽ ከብረት እጥረት ከሆነ ሸርጣን ብዙም አይረዳሽም። 100 ግራም የበሰለ ሥጋው ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ጉበትና ምስር ይሻሉሻል። ቫይታሚን ቢ12 ከሆነ የጎደለሽ ግን ወንድምሽ ልክ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል፤ ከ100 ግራም ሸርጣን ከዚያ በላይ ይገኛል። ሽሮና ምስር ላይ ይህ ቫይታሚን የለም። ስለዚህ ጾም የምታበዢ ከሆነ መጀመሪያ ተመርመሪና የቱ እንደጎደለሽ እወቂ።

«ከሥጋ ይበልጣል» የሚለው ተጋኗል። 100 ግራሙ 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ የዶሮ ፈረሰኛ 30 ይደርሳል። ስቡ ትንሽ መሆኑ፣ ዚንክና ሴሊኒየም የሚባሉ ማዕድናት መያዙ ጥሩ ነው። ጨው ግን አለበት፤ ግፊት ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ሪህ ያለበትም እንደዚሁ።

ያልታሸገውን ሸርጣን የመፈልፈል ልፋት ደግሞ አታንሺው! ጀርባውን ትገነጥያለሽ፣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ለቅመሽ ትጥያለሽ፣ መቆንጠጫውን በመዶሻ ትሰብሪያለሽ። ሱፍ እንደ መፈልፈል ነው፤ የሚተርፈው ገለባው። ሆቴል ውስጥ ዋጋው የሚሰቀለው ወዶ አይደለም። ቀይና ነጭ ሆኖ በጣት ቅርጽ የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው ከዓሣ ሊጥ የተሠራ ነው፤ ጽሑፉን አንብቢ።

ሽሪምፕ የሚባለውን የሸርጣን ዘመድ በልተሽ ከንፈርሽ አብጦ ወይም አሳክኮሽ ከሆነ ሸርጣኑን አትንኪው። አለርጂው በማብሰል አይጠፋም። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሽሪምፕ ስትልጥ ብቻ እጇ ያብጥ ነበር።

እዚሁ ስር «ከቦርከና ወንዝ ያዢና ቀቅዪ» ያለሽን ሰው አትስሚው። በደንብ ያልበሰለ የወንዝ ሸርጣን ሳንባ ላይ የሚቀመጥ ጥገኛ ትል ሊያስተላልፍ ይችላል። ከኮምቦልቻ በታች ያለው ውሃማ የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል፣ እሱንማ ሁላችንም እናውቃለን።

ይበላል አይበላም የሚለውን ለቤትሽ ትቻለሁ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ኦሪት ይከለክላል፤ በሙስሊሙም ዘንድ እንደየመዝሃቡ (እንደሚከተሉት የሕግ ትምህርት) ይለያያል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ከሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ግዢ። ሲበስል በ100 ግራም 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ቢ12ም አያጣም፣ የሚጣለውም ከሸርጣን ያነሰ ነው። ጣሳውን ግን ያለ ምክንያት አትጣይው። ቀኑ ካላለፈና ጣሳው ካላበጠ ጨዋማ ውሃውን አፍስሺ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስ አድርጊው። የተረፈውን በጣሳው አታሳድሪ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጠሽ ፍሪጅ አስገቢ።