ጠርሙሱን ሳታዪ ውሻሽን አታስረክቢ

እህቴ፣ «ለገጣፎ አካባቢ እኖራለሁ፤ ጠጉራም ውሻ አለኝ፤ የሚታመን ውሻ አጣቢና ፀጉር አስተካካይ በምን ልለይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የውሻሽን ዘር አልጻፍሽም፤ ግን ጠጉራም ካልሽ እንደ እኔው ውሻ እንደ መከታ የጀርመን ሼፐርድ ድቅል ወይም የዚያ ዘመድ ሊሆን ይችላል። እኔም የምኖረው በዚያው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን አንቺ በነፃ ውሰጂው። በሳምንት ስንት ጊዜ ይበጠራል የሚለውን አላነሣም፤ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. መጀመሪያ ውሻውን ሳትይዢ ብቻሽን ሂጂ። በር ላይ የተለጠፈው የነጭ ውሻ ፎቶግራፍ ምንም አይነግርሽም፤ ያሳመረው ማተሚያ ቤቱ ነው። ገብተሽ ማጠቢያው አጠገብ ቁሚ። ለመጣው ውሻ ሁሉ አንድ ፎጣ ሲዞር ካየሽ ተመለሺ፤ ጭርት በፎጣ ይተላለፋል፤ ከውሻው አልፎም ለልጆችሽ ይተርፋል። ውሻ ጠረጴዛ ላይ በአንገቱ ታስሮ ሰውዬው ስልክ ሊያነጋግር ወጥቶ ከሆነም ተመለሺ። ውሻው አንድ ጊዜ ከዘለለ ይታነቃል።

2. የክትባት ካርድ ይጠይቅሽ። የአንቺን ካልጠየቀ ከአንቺ በፊት የመጣውንም አልጠየቀም። በእኛ ዳርቻ ሲመሽ ባለቤት የሌለው ውሻ በመንጋ ይዞራል፤ ለጥበቃ ተብሎ የሚፈታው የግቢ ውሻም አጥር ዘልሎ ከእነርሱ ጋር ሲነካከስ ያድራል። እኔ በልጅነቴ ተነክሼ ጉለሌ ጳስተር ድረስ እየተመላለስኩ ሆዴ ላይ የተወጋሁ ሰው ነኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልቀልድም። ካርዱን ሳይጠይቅ «ችግር የለም፣ ይግባ» የሚል ሰው ደግ መስሎ እንዳይታይሽ።

3. በምን እንደሚያጥብ ጠይቂ። ይህችን ነው ያልጠየቅሁት።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። መከታ ከጎረቤት በጎች ጋር ስለሚውል ጆሮው ውስጥና ጣቶቹ መካከል መዥገር ፈልቶበት ነበር። ስሙን ወደማልጠራው አንድ ቤት ወሰድኩት። ታክሲው ውሻ አልጭንም ስላለን በእግራችን ነው የሄድነው። ሰውዬው እጅግ ትሑት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ቡና ጠጥተው ይመለሱ፤ ውሻ ባለቤቱ ፊት ያስቸግራል» አለኝ። አንዳንድ ውሻ ባለቤቱን ሲያይ እንደሚቅበጠበጥ እውነት ነው፤ እኔም አምኜ ሄድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የእኔው ውሻ ግን በምሳሌ ሳይሆን በቶንዶስ ተመነጠረ።

ስመለስ አላወቅሁትም። ከአንገቱ እስከ ጭራው ተላጭቶ ጆሮውና ዓይኑ ብቻ ቀርተዋል። ብብቱ ሥር ማሽኑ ግሎ የላጠው ቦታ ቀልቷል። «ሙቀት እንዳያስቸግረው ብዬ ነው» አለኝ። በኅዳር ውርጭ! ይህ ዓይነቱ ውሻ ፀጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ሻካራ፣ ከሥር እንደ ጥጥ የለሰለሰ። ከብርድም ከፀሐይም የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ይበጠራል እንጂ አይላጭም። አንዴ ከተላጨ እኩል ላይበቅል ይችላል። መከታ ያ በጋ እስኪያልፍ ጀርባው ላይ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ነበር፤ ማታ ማታም የልጄን ሹራብ ለብሶ ነው የጠበቀን። ሌባ ቢመጣ ይስቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ውሻው እርጥብ ነበር፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው። «የመዥገር መድኃኒትም ጨምሬ አጥቤዋለሁ፤ እሱ በነፃ ነው» አለኝ። አመስግኜ መቶ ብር ጉርሻ ሰጠሁት። ያቺ መቶ ብር ከዘጠኝ ሺሁ ይልቅ ታቃጥለኛለች።

ቤት ደርሰን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ምራቁ እንደ ክር ይወርድ ጀመር። አስመለሰው። የኋላ እግሮቹ ተብረከረኩ፤ ጡንቻው ከተላጨው ቆዳ ሥር እየተርገበገበ በዓይን ይታያል። ባትሪ አብርቼ ሳየው የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ቅርብ ወዳለ አንድ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክፍል ሮጥኩ። ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ «ላም ናት?» አለኝ። ውሻ ነው አልኩት። «ታዲያ ለውሻ ነው እንዲህ የምታለከልከው?» ብሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ስመለስ መንገዱን በሙሉ መልስ እየፈለግሁለት ነበር፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ያተረፈው ከአያት ሰፈር የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የወጣ ልጅ ነው፤ እጁ ይባረክ። ገና በስልክ «ጓንት አድርገው አሁኑኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይጠቡት፤ ራሱን እንዳይልስ ይጠብቁት፤ የተጠቀሙበትን ጠርሙስም ያምጡልኝ» አለኝ። ልጄ ማጠብ ስትጀምር እኔ ወደ ሰውዬው ተመለስኩ። ያወጣልኝ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ምንም ያልተጻፈበት። ተጨቃጭቀን ዋናውን ከጓሮ አመጣው፦ ለከብትና ለበግ የሚረጭ ዲያዚኖን የሚባል የመዥገር መድኃኒት። መጠኑን ስጠይቀው «ለአንድ ሳፋ አንድ ክዳን» አለኝ። የየትኛው ጠርሙስ ክዳን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ።

ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ሲሰማ ወዲያው አትሮፒን የሚባል ማርከሻ ወጋው፤ እስኪነጋም ደጋገመለት። እንዳስረዳኝ መድኃኒቱ መዥገሩን የሚገድለው ነርቩን አውኮ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ የውሻውንም የሰውንም ነርቭ ያውካል። በቆዳ ይገባል፤ ተላጭቶ በተላላጠ ቆዳ ደግሞ ይብሳል። እናቴ ውሻ ደፍ አያልፍም የሚሉ ሴት ናቸው። ያን ሌሊት መከታ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሲያድር ዝም አሉ፤ ንጋት ላይ ጸበል አምጥተው ረጩበት። ሐኪሙም አልተቃወመም።

ስለዚህ ጠርሙሱን አሳየኝ በይ። መለያ ወረቀቱ ላይ «ለውሻ» የሚል ከሌለ ውሻሽን ይዘሽ ውጪ። የሰው ሻምፑም፣ የዕቃ ሳሙናም ለውሻ ቆዳ አይሆንም። ለመዥገር የሚሆነውን ሐኪም በውሻው ክብደት ልክ ያዝልሽ፤ አጣቢ መድኃኒት አያዝም። የሚያረጋጋ መርፌ ወይም ክኒን እሰጠዋለሁ የሚል አጣቢ ካጋጠመሽማ አትከራከሪው፤ ሩጪ። ደግሞም ቆመሽ እዪ። ባለቤት ሲኖር የሚያስቸግረው ውሻው ነው ወይስ አጣቢው የሚለውን ቆመሽ ነው የምታውቂው።

ስንተኛው ላይ ነበርኩ? 4። ጥፍር። ውሻሽ ሲራመድ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ ካለ ረዝሟል ማለት ነው። ጥፍሩ ጥቁር ከሆነ ውስጡ ያለው ደም ሥር ከውጭ አይታይም። ጥሩ ሠራተኛ በጥቂት በጥቂቱ እየከረከመ የተቆረጠውን ፊት ያያል። አንድ ጊዜ ቀጭ አድርጎ የሚጨርሰው ያደማዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሻው እግሩን ለማንም አይሰጥም።

5. ዋጋ። ርካሹም ውዱም ሊያታልልሽ ይችላል፤ እለፊው።

አሁን የምወስድበት ልጅ መጀመሪያ የሰው ፀጉር ቆራጭ ነበር። መከታን ያየው ቀን ቶንዶሱን እንኳ አላነሣም። እጁን አሽትቶ እስኪለምደው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ከዚያ ጆሮውን ገልጦ አየ፤ ብብቱን ዳሰሰና «ጋሼ፣ ይህ አይቆረጥም፤ ማበጠር ብቻ ነው» አለኝ። ገቢውን በገዛ አፉ ሲቀንስ ያየሁት የመጀመሪያው ባለሙያ እሱ ነው። ከጆሮው ሥር የተቋጠረውን ፀጉር በመቀስ አልቆረጠውም፤ ሥሩን በሁለት ጣት ይዞ ከጫፉ ጀምሮ በማበጠሪያ ፈታው። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። የወጣው ፀጉር ግማሽ ማዳበሪያ ሞላ፤ እናቴ ትራስ ይወጣዋል ብለው አስቀምጠውታል። እስካሁን ማንም አልተኛበትም።

ቤቱን ላሳይሽ ፈቃደኛ ነኝ፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። ጠዋት ሂጂ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለማይበቃ ውሻው እርጥብ ሆኖ ይመለሳል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ግን አትምጪ፤ የመከታ ተራ ነው።