ሞተሪኖው ቀልሎት ከዞረ ቁልፉን ልቀቀው

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «መኪናዬ የ2006 ሞዴል ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ናት፤ 2.0 ቤንዚን፣ ማኑዋል። ጠዋት ስትነሳ ከሞተሩ ፊት በኩል የብረት መንቋቋት ነበራት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ኋላ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ይቆይ ጀመር። ባለፈው ሳምንት ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ስወርድ ድንገት ጠፋች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ እሷ ግን አትነሳም። ልጆች ተሰብስበው እንግፋልህ ሲሉኝ እምቢ ብዬ አስጎትቼ ቤት አስገባኋት። አንድ መካኒክ መጥቶ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፣ የሞተሩ ካቴና (የውስጡ ሰንሰለት) ተበጥሷልና ሞተር ግዛ አለኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እንኳን አላስገፋሃት! ያ ቁልቁለት ብዙ ሰው አጓጉቷል። ማርሽ አስገብቶ መልቀቅ ብቻ ነው የሚመስለው። ግን ካቴናው ተበጥሶ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከታች ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር ከላይ ካምሻፍቱ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ሁለቱን አያይዞ ይህን ልክ የሚጠብቀው ካቴናው ነው። ሲበጠስ፣ ወይም ጥርስ ሲዘል፣ ፒስተኑ መውጣት መውረዱን አይተውም፤ ከላይ ያለው ቫልቭ ግን እንደተከፈተ ይቀራል። ፒስተኑ መጥቶ ይመታውና ያጣምመዋል። ያንተ ሞተር ደግሞ 16 ቫልቭ አለው። ስለዚህ ዛሬውኑ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው «እስቲ ልሞክራት» ብሎ ቁልፍ እንዳያዞር።

አሁን ያን ቀን የሰማኸውን ድምፅ አስታውስ። ጤነኛ ሞተር በሞተሪኖ ሲዞር ይከብደዋል። ፒስተኖቹ በየተራ አየር ስለሚጨምቁ ድምፁ እህ፣ እህ፣ እህ እያለ ይቆራረጣል። ካቴናው የተበጠሰበት ግን የሚታገለው ነገር ስለሌለ ዝዝዝ ብሎ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ፣ ቀልሎት ይዞራል። ይህን ለማረጋገጥ ብለህ ግን ቁልፍ አታዙር፤ ትዝታህ ይበቃል።

የጠዋቱ መንቋቋትና ድንገት መጥፋቷ ሲደመሩ እኔም ካቴናውን እጠረጥራለሁ። ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው በዘይት ግፊት የሚሠራ መወጠሪያ ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ከወረደ፣ ጠዋት ግፊቱ እስኪመጣ ድረስ የላላው ካቴና ይንቋቋል። ግን ጥርጣሬ ሌላ፣ ማረጋገጫ ሌላ ነው። የነዳጅ ፓምፕ ሲሞት ወይም የክራንክሻፍት ሴንሰር ሲበላሽም መኪና መንገድ ላይ እንዲሁ ቀጥ ትላለች። ሞተር ግዛ ያለህ ሰው እነዚህን አላያቸውም።

መካኒክህ እንዲህ ያድርግ። ካንዴላዎቹን ያውጣ። የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈትና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከት። ከዚያ የክራንክሻፍቱን ፑሊ ቡሎን በቁልፍ ይዞ፣ በእጁ፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ያዙር። ከታች እየዞረ ከላይ ካሙ (ካምሻፍቱ) ካልተነቃነቀ ነገሩ ታውቋል። መሃል ላይ ድንገት ከጠነከረበት ደግሞ እዚያው ይቁም፤ ጉልበት አይጨምር። ምናልባት ፒስተኑ ቫልቭ ላይ ደርሷል። ካሙ አብሮ ከዞረ በስካነር ይታይ። ፒ0016 የሚል ኮድ ከመጣ፣ ክራንኩና ካሙ አልተናበቡም ማለት ነው። ካቴናው ጥርስ ዘሎ ሊሆን ይችላል፤ ሴንሰር ወይም ሽቦም ሊሆን ይችላል። ኮዱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

በተበጠሰ ካቴና ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) መለካት ትርጉም የለውም፤ ክፍት የቀረ ቫልቭ አየሩን ስለሚለቀው ያልተጎዳውም የሞተ ይመስላል። በካንዴላው ቀዳዳ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ያለው ጋራዥ ካገኘህ፣ ፒስተኑ ራስ ላይ የተመታ ምልክት መኖሩን ያሳይሃል። ቫልቭ ተጣሞ ከሆነ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይ ክፍል) ይወርድና የተጣመመው ይቀየራል። ይህም ቢሆን ሙሉ ሞተር መግዛት አይደለም።

ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ሞተር ብትገዛስ? እኔ የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ። የዚያም ካቴና አሮጌ ነው፤ ዘይቱ በወቅቱ ይቀየር እንደነበር ማንም አይነግርህም። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬህ ላይ ስለተጻፈ ሌላ የወረቀት ጣጣ አለው።

ካቴናው መሆኑ ከተረጋገጠ እቃው ሙሉ ይገዛ። ይህ ሞተር አንድ የታች፣ አንድ የላይ፣ ሁለት ካቴና አለው። ሁለቱም ከነመወጠሪያቸው፣ ከነጥርሳቸው (ካቴናው ከሚዞርባቸው ባለጥርስ ጎማዎች) እና ካቴናው ከሚንሸራተትባቸው የፕላስቲክ መምሪያዎች ጋር ይቀየሩ። በአሮጌ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ከፊት በኩል ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎሚኒም አብሮ ይለወጥ፤ አንዴ ተከፍቷልና።

ሲገጠም ምልክት ያላቸው የካቴና ዓይኖች ጥርሱ ላይ ካሉት ነጥቦች ጋር ይገጥማሉ። ከዚያ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። ከዙሩ በኋላ የካቴናው ምልክቶች ከቦታቸው ይሄዳሉ፤ እንዳትደነግጥ። ተመልሰው መግጠም ያለባቸው የጥርሶቹ ነጥቦች ናቸው። ኮምፕሬሽንም የሚለካው ያኔ ነው።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። የድሮዎቹ የፕላስቲክ መምሪያዎች ተሰባብረው ከወጡ፣ ስብርባሪው ጨርቅ ላይ ይዘርጋና እንደ ተሰበረ ሳህን ይገጣጠም። አንድ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ከጎደለች፣ የዘይት ገንዳው ውስጥ ናት። ገንዳው ይውረድ፤ የዘይት መሳቢያው ወንፊትም ተፈትቶ ይታጠብ። ወንፊቱ በፕላስቲክ ከታፈነ አዲሱ መወጠሪያ ዘይት አያገኝም፤ ያ የጠዋት ድምፅም ተመልሶ ይመጣል። እኔ ወንፊቱን በዓይኔ ሳላይ የዘይት ገንዳ ዘግቼ አላውቅም። አንተም ሳይዘጋ በፊት ደውሉልኝ በላቸውና ሄደህ እየው።