መጀመሪያ ሹሩባው፣ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። የጻፈችልኝ የ22 ዓመት ወጣት ናት። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ ሄዳ እዚያው ነው ያደገችው። ነርሲንግ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ ትሠራለች። በቀረው ጊዜ ቤቷ ሹሩባ ትሠራለች። በቅርቡ የተልባ ጄልና ከጉሎና ከጥቁር አዝሙድ የተቀመመ የፀጉር ዘይት በቲክቶክ መሸጥ ጀምራለች። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ «ትምህርቱን አቋርጬ ዘይቱ ላይ ልግባ? ለጥቁር ሴቶች የሚሰጥ ግራንት አለ ይሉኛል። እኛን ሐበሾችንስ ይመለከታል? እናቴ ግን አብደሻል እያለችኝ ነው።»

እህቴ፣ ብዙ ተስፋ የጣልሽው ግራንቱ ላይ፣ ማለትም ተመላሽ በማይደረገው የገንዘብ ድጋፍ ላይ፣ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አዎ፣ ይመለከትሻል። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴት ነሽ። ብድር ስትጠይቂም፣ ለፀጉርሽ የሚሆን ነገር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስትዞሪም የሚገጥምሽ ሌሎቹን ጥቁር ሴቶች የሚገጥማቸው ነው። ደንበኛሽም ሐበሻ ብቻ መሆን የለበትም። የጃማይካዋም፣ የካሜሩኗም፣ እዚያው ተወልዳ ያደገችዋም ጥሩ ሹሩባ ሠሪ ትፈልጋለች።

ግን በሩ እየጠበበ ነው። አትላንታ ያለውን ፊርለስ ፈንድን እይ። ጥቁር ሴቶች ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች 20 ሺህ ዶላር ግራንት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ተከሰሰ። ለክሱ መነሻ የተደረገው የ1866 ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች እንደ ነጮች እኩል ውል መዋዋል እንዲችሉ ነበር። ከሳሾቹ ግን ግራንቱ ለጥቁር ሴቶች ብቻ መሆኑ ይህንኑ ሕግ ይጥሳል አሉ። በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤት ግራንቱን አገደው። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ከከሳሾቹ ጋር ተስማምቶ ፕሮግራሙን ዘጋ። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። አሁንም ውድድሮች አሉ፣ አመልክቺ። ነገር ግን ሥራሽን ግራንት ባይመጣም እንዲቆም አድርገሽ ጀምሪው።

ትልልቅ ሱቆች መግባትም ብቻውን አያድንም። በ2020 ኦሮራ ጄምስ የተባለች ነጋዴ፣ ሱቆች ከመደርደሪያቸው 15 በመቶውን ለጥቁሮች ምርት እንዲሰጡ ጥሪ አቀረበች። ሴፎራ የተባለው ትልቅ የመዋቢያ ሱቅ ቀድሞ ፈረመ። ጥሩ እርምጃ ነበር፤ ብዙ በር ከፍቷል። በ2021 የተጀመረው አሚ ኮሌ የሚባለው ሜካፕም ሴፎራ ገብቶ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ሆነ። በ2025 ግን ተዘጋ። መሥራቿ እንደተናገረችው፣ ትልቅ ገንዘብ ካላቸው ብራንዶች ጋር መደርደሪያ ላይ መፎካከሩ አልተቻለም። እዚያ ለመግባት በብዛት ማምረት አለብሽ፣ ማስታወቂያ አለ፣ ክፍያው ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ገና በወጥ ቤትሽ ለምታመርቺ ለአንቺ ይህ አሁን አያስፈልግሽም።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው፦ ሹሩባው ይቅደም። ዘይቱን የሚሸጥልሽ ሹሩባው ነው። በፀጉር ምርት ስሟ የገነነው ጥቁር አሜሪካዊት ነጋዴ ማዳም ሲ. ጄ. ዎከርም መንገዷ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1867 ሉዊዚያና ውስጥ፣ በባርነት ከኖሩ ወላጆች ተወለደች። ለዓመታት ልብስ አጣቢ ነበረች። መጀመሪያ የአኒ ማሎንን የፀጉር ምርት በወኪልነት እየዞረች ሸጠች፤ የራሷን ስም ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሺህ ሴቶችንም የፀጉር አያያዝ አስተምራ ሻጭ አደረገች። ከምርቱ ጋር ሙያውን ትሰጥ ስለነበር ሴቶቹ አመኗት።

አሁን ወደ አንቺ ሂሳብ። ኖትለስ የሚባለውን፣ ከሥሩ ቋጠሮ የሌለውን ሹሩባ በ120 ዶላር፣ በስድስት ሰዓት እንደምትሠሪና የሰው ሠራሽ ፀጉሩንም ራስሽ እንደምትገዢ ጽፈሻል። ለፀጉሩ 30 ዶላር ብታወጪ የሚተርፍሽ 90 ነው። ለስድስት ስታካፍዪው በሰዓት 15 ዶላር። በሜሪላንድ ከ2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ይኸው 15 ዶላር ነው! ታክሱ፣ ጄሉ፣ መልእክት ስትመልሺ የሚያልፈው ሰዓት ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ እየከሰርሽ ነው። ዋጋሽን ጨምሪ። ጓደኛ ቅር ይላታል ብለሽ አትፍሪ። ቀጠሮ ሲያዝ ቀብድ ተቀበዪ፤ ቀርታ የምታስቀርሽ ደንበኛ ሙሉ ቀንሽን ነው የምትበላው።

ሌላ የሚለይሽ ነገር አለ። አጥብቆ መሥራት የግንባርን ፀጉር ይነቅላል። ብዙ ሴቶች በዚህ ተጎድተዋል፤ ዝም ብለው ነው የሚኖሩት። አንቺ ነርሲንግ እየተማርሽ ነው። የራስ ቆዳ ላይ ቁስል ስታዪ ትለያለሽ፣ ማበጠሪያ እንዴት እንደሚጸዳ ታውቂያለሽ። «ሳላሳምም እሠራለሁ» ብለሽ ከተናገርሽና ከሠራሽው ደንበኛዋ እህቷንም ይዛ ትመጣለች።

ስለ ፈቃድ ጠይቀሻል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ሹሩባ ብቻ ለምትሠራ ሴት የኮስሞቶሎጂ (የውበት ሙያ) ላይሰንስ አይጠይቁም። ቨርጂኒያ ይህን ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ፀጉር መቁረጥ፣ ቀለም መቀባት ወይም በኬሚካል ማለስለስ ውስጥ ከገባሽ ግን ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ደግሞ ሺህ ሰዓትና ከዚያ በላይ ትምህርት አለው። ዋሽንግተን ዲሲ ተሻግረሽ ለመሥራት ካሰብሽ የእነሱን ደንብ ለብቻው ጠይቂ። ቤትሽ ደንበኛ መቀበልም የካውንቲውን (የአካባቢውን አስተዳደር) ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ካልሆነ ሳሎን ውስጥ ወንበር መከራየት ይሻላል።

ዘይቱ ጋ ስንመጣ አንድ ነገር ዛሬውኑ አስተካክዪ። ቲክቶክሽ ላይ «ፀጉር ያበቅላል» ብለሻል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በሆነው ኤፍዲኤ ዘንድ ይህ ቃል ምርትሽን ከኮስሜቲክስ ወደ መድኃኒት ያዞረዋል። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ፈቃድ የሌለው መድኃኒት እየሸጥሽ ነው ማለት ነው። «ያለሰልሳል»፣ «ያወዛል»፣ «ለማበጠር ያመቻል» በይ። ለእናቶቻችን የሠራላቸውን እየተጠራጠርኩ አይደለም፤ ሕጉ የሚያየው ማስታወቂያሽን ነው።

የተልባው ጄል የበለጠ ያሳስበኛል። ውሃ ያለበት ነገር ባክቴሪያና ሻጋታ ያፈራል። ለራስሽ ቀቅለሽ ፍሪጅ አስቀምጠሽ ብትጠቀሚ ምንም አይደል፤ በፖስታ ልኮ የሰው ቤት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዳይበላሽ የሚያደርግ መከላከያ ሳይገባበትና ላብራቶሪ ሳይፈትሸው አትሽጪው። ለጊዜው ውሃ የሌለበትን ዘይት ብቻ ያዢ። በ2022 መጨረሻ የወጣው የኮስሜቲክስ ሕግ በዓመት በአማካይ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚሸጡ ትናንሾች ከምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ ነፃነት ይሰጣል። ደህንነቱን ማረጋገጥ፣ ጠርሙሱ ላይ ሙሉ ይዘቱን መጻፍ፣ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ማሳወቅ ግን ለአንቺም ግዴታ ነው። የምርት ኢንሹራንስም ግዢ። የአንዲት ሴት ዓይን ቢቃጠል ቁጠባሽ ብቻውን አይበቃም።

ገንዘቡንስ? አርሊንግተን ያለው፣ ኢሲዲሲ የምንለው የኢትዮጵያውያን ድርጅት፣ ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ የሚባል ክንፍ አለው። ለዲሲ አካባቢ ትናንሽ ነጋዴዎች አነስተኛ ብድር ይሰጣል፤ አንቺን የመሰሉ ስደተኞችን ታሪክ ያውቃል። ስኮር የሚባለው የትናንሽ ነጋዴዎች ረዳት ድርጅት ደግሞ በነፃ አማካሪ ይመድብልሻል። ዕቁብም ጥሩ ነው፣ ወለድ የለውም። ግን ዕቁብ በክሬዲት ታሪክሽ ላይ አይታይም፤ ለአሥር ዓመት ሳታጓድዪ ብትከፍዪም ባንኩ አያውቅም። የሹሩባውን ገቢ በጥሬ ገንዘብም ሆነ በስልክ በሚላከው ዜል ቢመጣ ጻፊው፣ ታክስ ፋይል አድርጊው። ነገ ብድር ስትጠይቂ አበዳሪው የሚያየው የታክስ ወረቀትሽን ነው።

ትምህርቱን አታቋርጪ። እናትሽ ስለ ሕልምሽ ያላት ግምት ትክክል ባይሆንም፣ ስለ ነርሲንጉ ልክ ናት። ለስድስት ተከታታይ ወራት ሹሩባው፣ ወጪና ታክስ ተቀንሶ፣ ከሲኤንኤው ደመወዝ ከበለጠ የቅዳሜውን ሺፍት ልቀቂ። ትምህርቱን ሳይሆን ሺፍቱን። ለእናትሽም ገቢና ወጪሽን የጻፍሽበትን ደብተር አሳዪአት፤ ቁጥሩን ስታይ የምትጠይቅሽ ጥያቄ ይለወጣል።

እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱን ቀጠሮ፣ የወሰደብሽን ሰዓትና ያወጣሽውን ወጪ መዝግቢና ላኪልኝ። አዲሱን ዋጋ አብረን እናወጣለን።