ትንሽ ኪቦርድ ሲገዙ ቀኙን ሺፍት ይዩ

አንዲት አንባቢ ከአዲስ አበባ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ቤት ውስጥ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ። ጠረጴዛዬ ጠባብ ነው። የልጅ ልጄ ደግሞ ገመዱን እየጎተተ ኪቦርዱን ሁለቴ መሬት ጥሎብኛል። የምጽፈው ቃለ ጉባኤና የመዋጮ መዝገብ ነው፣ በአማርኛ። ኪስ የማይጎዳ፣ ትንሽ፣ ገመድ የሌለው ኪቦርድ ምን ልግዛ? ብሉቱዝ ይሻላል ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

እናቴ፣ ከብሉቱዙ ልጀምር። ለእርስዎ አይሆንም። ያገለገሉ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ብሉቱዝ የላቸውም። ስለዚህ ከኪቦርዱ ሌላ የብሉቱዝ ማስገቢያ ሊገዙ ነው። ቢገዙም ብሉቱዝ ኪቦርድ ብዙውን ጊዜ የሚነቃው ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ አልነሳም ያለ ቀን ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ) ልግባ ቢሉ ኪቦርዱ አይሰማዎትም። ፎርማት ሲደረግም እንደ አዲስ ማገናኘት ሊኖርብዎት ነው። ለስልክ፣ ለታብሌት፣ ለላፕቶፕ ከሆነ ብሉቱዝ ግሩም ነው።

ለእርስዎ የሚሆነው የራሱ ሪሲቨር ያለው ነው። ሪሲቨር ማለት ዩኤስቢ ላይ የምትሰካው የጥፍር ያህል ነገር ናት። ሰክተው ወዲያው ይጽፋሉ፤ ኮምፒውተሩም ባለ ገመድ ኪቦርድ እንደተሰካበት ነው የሚያየው። ታዲያ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሪሲቨሯ መኖሯን በዓይንዎ ይዩ። ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው ባትሪው ቤት ውስጥ ወይም ማውሱ ሆድ ውስጥ ነው። ያገለገለ ኪቦርድ ከሆነ ሪሲቨሯ የጠፋችበት ብዙ ነው። እሷ ከሌለች በነፃ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ፤ ርካሾቹ ኪቦርዶች ከሌላ ሪሲቨር ጋር አይግባቡም። ብርቱካናማ የኮከብ መሰል ምልክት ያለባቸው የሎጂቴክ ኪቦርዶች ግን ይለያሉ። ተመሳሳይ ምልክት ያላት ሪሲቨር ለብቻ ተገዝታ ትተካለች፤ አንዷ እስከ 6 ዕቃ ታገናኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ሺፍትን የምንነካው እንግሊዝኛ ከሚጽፈው ሰው በጣም በላቀ ቁጥር ነው። የአማርኛውን ድምፅ በሚመስለው የእንግሊዝኛ ፊደል በሚያስጽፉት ፕሮግራሞች ቲን (T) ብቻ ሲነኩ ት ይመጣል፤ ሺፍት ይዘው ሲነኩ ጥ። ሲ (C) ብቻውን ች ነው፤ ከሺፍት ጋር ጭ። «ጠቅላላ መዋጮ» ብለው ሲጽፉ ሁለቴ ሺፍት ነክተዋል ማለት ነው። ይህን ደግሞ እድር ውስጥ በቀን ስንቴ እንደሚጽፉት እርስዎ ያውቁታል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ቲም ሲም የግራ እጅ ፊደሎች ናቸው። ግራ እጅ ፊደሉን ሲነካ ሺፍቱን የሚይዘው የቀኝ ትንሿ ጣት ነው። ትናንሽ ኪቦርዶች ቦታ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚያሳጥሩት ያንኑ ቀኙን ሺፍት ነው። የአንዳንዱ ሺፍት እንደ አንድ ፊደል ቁልፍ ጠቦ፣ ከጎኑ ወደ ላይ የምትወስደው ቀስት ተሰክታለች። ጣትዎ ትንሽ ሲስት ቀስቷን ይነካል። ጠቋሚው አንድ መስመር ወደ ላይ ይዘላል፤ «መዋጮ» የሚለው ቃል እላይ ያለው ዓረፍተ ነገር መሃል ይገባል። እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ኪቦርድ ደረሰኝ ስጽፍ ከርሜ በሁለተኛው ሳምንት አውጥቼዋለሁ። ስለዚህ ቀኙ ሺፍት ቢያንስ የሁለት ፊደል ስፋት ይኑረው። በዚህ አይደራደሩ።

ቀጥሎ ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። የምሬን ነው። ከኪው (Q) ግራ ጫፍ እስከ ፒ (P) ቀኝ ጫፍ ይለኩ። 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ቁልፎቹ መደበኛ መጠን አላቸው። 17 ከሆነ ግን ኪቦርዱ ያነሰው ፊደሎቹን አጨናንቆ ነው፤ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ እጅዎ ይደክማል። ጥሩ ትንሽ ኪቦርድ ፊደሉን ሳይነካ ከጠርዝና ከክፍተት ይቀንሳል። ሙሉው ኪቦርድ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቀኙ የቁጥር ክፍል ሲወጣለት ወደ 36 ይወርዳል።

የቁጥሩ ነገር ያሳስበኛል፤ መዋጮ መዝጋቢ ነዎትና። በየቀኑ ቁጥር የሚያስገቡ ከሆነ ቁጥሩ ያልወጣለትን ይምረጡ። የሎጂቴክ ኤምኬ 220 ዓይነቱ ቁጥሩን ሳያስወጣ ያነሰ ነው፤ ማውስም አብሮት ይመጣል። በወር አንዴ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቁጥር የሌለውን ገዝተው፣ ለብቻው የሚሸጠውን የቁጥር ፓድ መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጡ ይሻላል። ቁጥሩ ፊደሎቹ ላይ ተደርቦ ኤፍኤን (Fn) የምትባለው ቁልፍ ተይዛ የሚሠራውን ግን ይተዉት፤ ለሂሳብ ሰው ስህተት መጥሪያ ነው።

ባትሪው የሚቀየር ይሁን። ውስጡ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ያለው ሲያረጅ መተኪያ ማግኘት ፈተና ነው። በሪሞት ድንጋይ የሚሠራው ግን መንደር ሱቅም አይቸግርም። ኤምኬ 220 ኪቦርዱ በሁለት ቀጫጭን ድንጋይ እስከ 24 ወር እንደሚቆይ አምራቹ ይናገራል። ሲገዙ ላዩ ላይ «አልካላይን» የሚል ይምረጡ። ሲያልቅ ወዲያው ያውጡት። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው «ሞተብኝ» ብለው ያመጡልኝን ኪቦርድ ከፈትኩት። አንዱ ድንጋይ አብጦ ፈስሶ ከቤቱ አልወጣ አለ። በፒንሳ ስቤ ሳወጣው ድንጋዩን የምትነካው ጥምዝዟ ሽቦ አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ጥጥ በሎሚ ነክሬ ጠረግሁት፣ በአልኮል አደረቅሁት፤ አዲስ ድንጋይ ሲገባለት ሠራ። ሰውየው ግን አዲስ ኪቦርድ ገዝተው ነበር።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካልዎት። ኖትፓድ ከፍተው እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ይንኩ። ስፔሱን መሃሉን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ጫፎቹን ይጫኑ፤ ርካሾቹ ጫፋቸው ላይ ይይዛሉ። አረብኛ ፊደል የታተመበት ቢያጋጥምዎ አያስጨንቅዎት፤ የእንግሊዝኛው ፊደል አጠገቡ ካለ የሚጽፉት በእሱ ነው።

ቤት ሲደርሱ ሪሲቨሯን ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ሰማያዊው ዩኤስቢ ላይ አይሰኩ። ሰማያዊው ፈጣኑ ዩኤስቢ 3 ነው፤ በተለይ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሲሠራበት የሚያወጣው ረብሻ ሪሲቨሯ የምታዳምጥበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ላይ ይወድቃል። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህንን ጽፎ አውጥቷል። ምልክቱ ፊደል መዝለል ወይም አንዱን ፊደል መደጋገም ነው። ብዙ ሰው «ኪቦርዱ ኮፒ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሳጥኑ ጠረጴዛ ሥር ከሆነ ደግሞ ብረቱም ሞገዱን ይጋርዳል። ፊት ለፊት ያለውን ጥቁሩን ይጠቀሙ። ካልሆነ የአንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝተው ሪሲቨሯን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሞኒተሩ ጀርባ፣ የልጅ ልጅዎ እጅ የማይደርስበት ቦታ ያድርጓት። የድሮውን ባለ ገመድ ኪቦርድም አይጣሉት፤ ድንጋዩ በእሁድ ስብሰባ መሃል ሲያልቅ እሱን ሰክተው ይቀጥላሉ።